አታክሲያ፦ ሳይጠጡ መንገዳገድ ከምን ይመጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«አታክሲያ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ከሐኪም አፍ ነው። ነገሩን ግን ከቃሉ በፊት ያውቀዋል። ደረጃ ሲወርድ እጁ መደገፊያ መፈለግ ከጀመረ ቆይቷል። ፊርማው ተለውጧል። መንገድ ላይ ያየው ሰው «ጠጥቶ ነው» ብሎ ፊቱን አዙሮበታል። ይሄ የመጨረሻው አንዳንዴ ከሕመሙ በላይ ያማል። ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ።

አታክሲያ በትክክል ምንድን ነው?

ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ሥርዓት ማጣት» እንደማለት ነው። በሕክምና የእንቅስቃሴ ቅንጅት መዛባትን ያመለክታል። ጡንቻው አልሰለለም፤ ጉልበትም አለ። የጎደለው ልኩ ነው። እጅ ምን ያህል ይዘርጋ? በምን ፍጥነት ይሂድ? የት ላይ ይቁም? ይህን የሚያስተካክለው አሠራር ተዛብቷል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝልኝ። አታክሲያ ከሁሉ በፊት ምልክት ነው፣ ልክ እንደ ትኩሳት። «ትኩሳት አለብዎት» ተብሎ ብቻ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሰው የለም፤ ከምን እንደመጣ ይፈለጋል። «አታክሲያ አለብዎት» ከተባሉም ቀጣዩ ጥያቄ «ከምን የመጣ?» ነው። መልሱ አንዳንዴ በቫይታሚን የሚስተካከል ነገር ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ በሽታዎች ቃሉን ስማቸው ውስጥ ይዘውታል፤ ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው።

ምልክቶቹ ምን ይመስላሉ?

አንድ ብርጭቆ ውሃ እናንሳ። ጤነኛ እጅ ብርጭቆ ከንፈር ላይ ሲያደርስ ማንም ልብ አይለውም። አታክሲያ ያለበት ሰው እጅ ሲነሳ ደህና ይመስላል። ወደ አፍ ሲቃረብ ግን መዋለል ይጀምራል። በቀረበ ቁጥር ይብሳል። ውሃው አገጭ ላይ ይፈስሳል። ሰውየው ሁለተኛ እጁን ይጨምራል፤ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ይተክላል። ከጊዜ በኋላ ብርጭቆውን ከግማሽ በላይ መሙላት ይተዋል። ይህን ዘዴ ያስተማረው የለም፤ ራሱ ነው የሚደርስበት።

እግር ላይ ሲሆን አረማመድ ይሰፋል። ሁለቱ እግሮች ተራርቀው ይረግጣሉ፣ መርከብ ላይ እንደሚራመድ ሰው። ቀጥ ብሎ መሄድ ሲቻል እንኳ ዞር ማለት ይከብዳል። ንግግር ይጎተታል፤ ቃሉ በየክፍለ ቃሉ ይቆራረጣል። ዓይን ሳይፈልጉት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ማንበብም ያደክማል። ሲውጡ ትን ይላል። ሸሚዝ መቆለፍ ረጅም ሥራ ይሆናል። ሁሉም አንድ ሰው ላይ ላይገኙ ይችላሉ።

ከማዞር ወይም ከፓርኪንሰን በምን ይለያል?

ማዞር ዙሪያው የሚሽከረከር የሚመስል ስሜት ነው። አታክሲያ ያለበት ሰው ጭራሽ ላያዞረው ይችላል፤ ጭንቅላቱ ጥርት ብሎለት እግሩ ብቻ እምቢ ይለዋል። በፓርኪንሰን ደግሞ እጅ በብዛት የሚንቀጠቀጠው አርፎ ሳለ ነው፤ እርምጃውም ያጥራል። በአታክሲያ ያረፈ እጅ ጸጥ ይላል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ነገር ለመንካት ሲዘረጋ ነው።

ችግሩ ያለው አንጎል ውስጥ ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዋናው ተጠርጣሪ ከጭንቅላት በስተኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው ትንሹ አንጎል ወይም ሴሬቤለም ነው። ከጠቅላላው አንጎል መጠን 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ከግማሽ በላይ የሚገኙት ግን እሱ ውስጥ ነው። ሥራው ማነጻጸር ነው። የታሰበውን እንቅስቃሴ ከተደረገው ጋር እያስተያየ በቅጽበት ያርማል።

እሱ ብቻውን ግን አይሠራም። እግር የት እንዳለ ከታች የሚነግሩት ነርቮችና ህብለ ሰረሰር አሉ። ጭንቅላት ወዴት እንዳጋደለ የሚነግረው የጆሮ ውስጠኛ ክፍል አለ። መረጃው በተሳሳተ ቁጥር እርማቱም ይሳሳታል።

ስንት ዓይነት አታክሲያ አለ?

በጉዳቱ ቦታ ከሄድን ሦስት ነው። አንደኛው ከትንሹ አንጎል የሚመጣው ነው። በዚህኛው ዓይን ቢከፈትም ቢጨፈንም መንገዳገዱ አለ። ንግግርና ዓይን የሚነካውም በአብዛኛው እሱ ነው። ጉዳቱ በአንድ ጎን ከሆነ የሚያስቸግረው ያው ጎን ነው፤ የቀኙ ትንሽ አንጎል ሲጎዳ ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ይታወካሉ። በትልቁ አንጎል ነገሩ ተቃራኒ ስለሆነ ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል።

ሁለተኛው የስሜት አታክሲያ ይባላል። ከእግር ወደ ላይ መረጃ የሚያመጡት ነርቮች ወይም የህብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል ይጎዳል። ሰውየው እግሩ የት እንዳለ ሳያይ አያውቅም። ቀን ቀን በዓይኑ እየተመራ ደህና ይሄዳል። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ግን ሳሙናው ዓይኑ እንዳይገባ ጨፈን ሲያደርግ ወደ መታጠቢያው ይደፋል። ይህን ለሐኪም ለመናገር የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። «ፊትዎን ሲታጠቡ ይንገዳገዳሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «እንዴት አወቁ!» ይላል።

ሦስተኛው ከጆሮ ውስጠኛ ክፍል ወይም ከዚያ ወደ አንጎል ከሚሄደው ነርቭ ይመጣል። ማዞርና ማቅለሽለሽ ይበዛበታል። እጅና ንግግር ግን አይነካም።

ታዲያ መንስኤው ምንድን ነው?

መንስኤዎቹ እጅግ ብዙ ናቸው። ሁሉንም ከመደርደር «በምን ፍጥነት መጣ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ጥሩ የነርቭ ሐኪም ከማንኛውም ማሽን በፊት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ ስትሮክ ወይም የደም መፍሰስ ይጠረጠራል። በቀናት ውስጥ ከሆነ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት መመረዝ፣ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ወይም መልቲፕል ስክሌሮሲስ (ሰውነት የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም) ሊሆን ይችላል። በሳምንታትና በወራት ከመጣ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ የአንጎል ዕጢ፣ የቢ12 ወይም የቫይታሚን ኢ እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ኤችአይቪ፣ ያልታከመ ቂጥኝ። በዓመታት ቀስ እያለ ከሆነ በዘር የሚተላለፉት ወይም አንጎልን እያመነመኑ የሚሄዱ ሕመሞች ወደፊት ይመጣሉ።

በወራት ከሚመጡት መካከል ሁለቱ በቀላሉ ስለሚታለፉ ልቆይባቸው። አንዱ በግሉተን ምክንያት የሚመጣው ነው። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። በአንዳንድ ሰዎች ሰውነት ግሉተንን ሲዋጋ ትንሹን አንጎልም አብሮ ያጠቃል። ሆድ ምንም ላይል ይችላል፤ ስለዚህ «ሆዴን አያመኝም» ማለት ነጻ አያወጣም። በጊዜ ከታወቀ ግሉተንን ሙሉ በሙሉ መተው ጉዳቱን ሊገታው ይችላል። ሌላው ሰውነት የተደበቀ ካንሰርን ሲዋጋ ሳያስበው ትንሹን አንጎል የሚመታበት ሁኔታ ነው። የእንቁልጢ (ኦቫሪ)፣ የጡትና የሳንባ ካንሰር ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። አታክሲያው ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት ሊቀድም ይችላል። በወራት ውስጥ በፍጥነት የከፋ አታክሲያ ያለበት አዋቂ ሰው ይህ ካልተፈለገለት ምርመራው አላለቀም።

ድንገት ቢጀምረኝ ምን ላድርግ?

ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ተኝቼ ልየው» አይበሉ። የትንሹ አንጎል ስትሮክ እጅና እግር ሳያሰልል በመንገዳገድ፣ በማዞርና በማስመለስ ብቻ ሊጀምር ይችላል። የሆድ ሕመም ነው ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ጉዳቱ ካበጠ ደግሞ የአንጎልን ፈሳሽ መንገድ ዘግቶ ሕይወት ላይ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚነሳ ሲቲ ስካን ይህን ስትሮክ ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ሲቲው ደህና ቢሆንም ራስዎን ችለው መቆም ወይም መቀመጥ ካቃተዎት ይህን አጥብቀው ይናገሩ።

ልጄ ከጉድፍ በኋላ መንገዳገድ ጀመረ። ያሰጋል?

ትንንሽ ልጆች ላይ ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ወይም ሌላ የቫይረስ ሕመም ካለፈ ከቀናት ወይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዲህ ዓይነት አታክሲያ ይመጣል። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ያም ሆኖ በሐኪም መታየት አለበት። ልጅ ቤት ውስጥ ያገኘውን መድኃኒት ውጦም ሊንገዳገድ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ ካለው፣ ወይም ዓይኖቹ በየአቅጣጫው ከዘለሉ፣ ዕጢ እንዳይሆን በፍጥነት መመርመር አለበት።

የምወስደው መድኃኒት ሊያመጣብኝ ይችላል?

አዎ፣ እና ይህ መጀመሪያ ሊጣራ የሚገባው ነገር ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠው ሊቲየም፣ ረጅም ጊዜ የተወሰደ ሜትሮኒዳዞል፣ እንዲሁም የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶች ይታወቃሉ። መጠኑ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይሻላል። ፌኒቶይንና ሊቲየም ደም ውስጥ በጣም ከበዙ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቁሙ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ከሆነ። የዚያኑ ቀን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ቫይታሚንም ቢሆን መድኃኒት ነው። ቢ6ን በብዛት ለረጅም ጊዜ መውሰድ የስሜት ነርቮችን ጎድቶ አታክሲያ ያመጣል። «ቫይታሚን አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

የአልኮል ጉዳይስ?

ሲሰክሩ የሚታየው መንገዳገድ ራሱ ጊዜያዊ አታክሲያ ነው። ለዓመታት በብዛት መጠጣት ደግሞ የትንሹን አንጎል መሐል ያመነምናል፤ ከእጅ ይልቅ እግር ይታወካል። ማቆም ይረዳል፤ አንዳንዱም ይሻሻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የቢ1 እጥረት ሲከፋ መንገዳገድ፣ የዓይን እንቅስቃሴ መዛባትና ግራ መጋባት ያመጣል። ቨርኒኬ ይባላል። ቢ1 በመርፌ ፈጥኖ ካልተሰጠ ማስታወስን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። ጠጪ ብቻ አይደለም የሚይዘው። በእርግዝና ጊዜ ሳያቋርጥ የሚያስመልሳት ሴት፣ የጨጓራ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው፣ ለረጅም ጊዜ ምግብ ያጣ ሰው ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። «አይጠጣም» ተብሎ መታለፉ በጣም ያሳዝናል።

በዘር የሚተላለፉት የትኞቹ ናቸው?

በብዛት የሚታወቀው የፍሪድራይክ አታክሲያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኒኮላውስ ፍሪድራይክ እ.ኤ.አ. በ1863 የገለጸው ሲሆን ዘረመሉ የተገኘው በ1996 ነው። አንድ አጭር የዘረመል ፊደል ቅደም ተከተል በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል፤ ፍራታክሲን የሚባለው ፕሮቲንም ያንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ዓመት በፊት ይጀምራል። ከነርቭ አልፎ ልብን ይጎዳል፤ የጀርባ አጥንት ያጣምማል፤ አንዳንዱ ላይ የስኳር ሕመም ያመጣል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድና የስኳር ምርመራ የክትትሉ አካል ናቸው። ልጅ የሚታመመው ከአባትም ከእናትም የተበላሸውን ቅጂ ሲወርስ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጤነኞች ሆነው ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።

ስፓይኖሴሬቤላር አታክሲያ ወይም ኤስሲኤ የሚባሉት ደግሞ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረሱ ናቸው። ዕድሉ ከ2 አንድ ነው። እስካሁን ከ40 በላይ ዓይነት በቁጥር ተለይቷል። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው ኤስሲኤ 3 ነው። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ የዘረመሉ ድግግሞሽ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲሄድ ይረዝማል፤ ልጅ ከወላጁ ቀድሞ ይታመማል።

አታክሲያ ቴላንጂየክታዚያ በሕፃንነት የሚጀምር ነው። ዓይን ነጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ኢንፌክሽን ይደጋገማል፤ የካንሰር ስጋት ይጨምራል። እነዚህ ልጆች ለጨረር በጣም ስሱ ስለሆኑ ያለ በቂ ምክንያት ራጅና ሲቲ መነሳት የለባቸውም። መጥቶ የሚሄድ አታክሲያም አለ፤ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይቆይና ይለቃል።

በቤተሰባችን እንዲህ ያለ ሰው የለም። ታዲያ በዘር ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ከላይ እንዳልነው ሁለት ጤነኛ ተሸካሚዎች የታመመ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። ዘግይቶ የሚጀምር ዓይነት ከሆነ ደግሞ አባት ምልክቱ ሳይታይበት በሌላ ነገር ቀድሞ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ወይም አያት «ሲያረጁ ጉልበታቸው ከዳቸው» ተብሎ ታልፏል። የቤተሰብ ታሪክ ስትጠያየቁ «አታክሲያ ያለበት ነበር?» አትበሉ። «በዱላ መሄድ ቀድሞ የጀመረ ነበር? ሳይጠጣ ጠጪ እየተባለ የሚታማ ነበር?» በሉ። መልሱ ይለያል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በእጅና በዓይን ይጀምራል። ሐኪሙ ጣቱን ከፊትዎ ያቆማል። «አፍንጫዎን ይንኩ፣ ከዚያ ጣቴን፣ ደግመው አፍንጫዎን» ይላል። ጣቱን ቦታ ይቀይራል። አታክሲያ ካለ እጅ ዒላማውን ያልፋል ወይም ሳይደርስ ይዋልላል። ከዚያ አስተኝቶ በአንድ እግር ተረከዝ የሌላውን እግር ቅልጥም ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥ አድርገው እንዲያንሸራትቱ ይጠይቃል። መዳፍን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ፣ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት እያገናኙ በመስመር መሄድ፣ ዓይንን በጣት ማስከተል ይቀጥላል። እግር ገጥሞ ቆሞ ዓይን መጨፈንም አለ፤ የሮምበርግ ምርመራ ይባላል። ዓይን ሲጨፈን ብቻ የሚወድቅ ሰው የስሜት አታክሲያ ወይም የጆሮ ችግር ይጠረጠርበታል። ሳራ የተባለ መለኪያ ከእነዚህ አብዛኞቹን ከ0 እስከ 40 በነጥብ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዓመት ዓመት ለማወዳደር ይጠቅማል።

ቀጥሎ ኤምአርአይ ይነሳል። ትንሹ አንጎል በወፍራም አጥንት ስለተከበበ ከሲቲ ይልቅ ኤምአርአይ አጥርቶ ያሳየዋል። የደም ምርመራው ቢ12፣ ቫይታሚን ኢ፣ ታይሮይድ፣ የግሉተን ፀረ እንግዳ አካላት፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ ይይዛል። እንደ ሁኔታው የነርቭ ፍጥነት መለኪያና ከጀርባ የሚቀዳ ፈሳሽ ይጨመራል።

ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ምንም የለብኝም ማለት ነው?

አይደለም። የስሜት አታክሲያ፣ የመድኃኒት መመረዝ፣ መጥቶ የሚሄደው ዓይነት፣ ገና የጀመረ የፍሪድራይክ አታክሲያ ሁሉ ትንሹ አንጎል ምስሉ ላይ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

የዘረመል ምርመራዬም ኔጌቲቭ ነው። አሁንስ?

«የትኛው ምርመራ ነው የተሠራልኝ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ዓመታት ያተርፍለታል። በዘር ከሚተላለፉት በብዛት የሚገኙት የአታክሲያ ዓይነቶች የሚመጡት ከዘረመል ፊደል ስህተት ሳይሆን ከድግግሞሽ መርዘም ነው። የተለመደው የዘረመል ንባብ ደግሞ ረጅም ድግግሞሽን ሊያልፈው ይችላል፤ ለብቻው መፈለግ አለበት። የምርመራው ጊዜም ለውጥ ያመጣል። ከረጅም ጊዜ ደረቅ ሳል ጋር የሚመጣው አንዱ ዓይነት ዘረመሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ኤስሲኤ 27ቢ የተባለው፣ ዕድሜ ከገፋ በኋላ የሚጀምረው፣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔጌቲቭ የተባለ ሰው ዛሬ ቢደገምለት ስም ሊያገኝ ይችላል።

ይድናል?

እንደ መንስኤው ነው። የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ማነስ፣ የመድኃኒት መብዛት ይታከማሉ። ቫይታሚን ኢን ሰውነት በዘር ችግር ማቆየት ሲያቅተው የሚመጣው ዓይነት የፍሪድራይክን ይመስላል፤ ግን በቫይታሚን ኢ ሊገታ ይችላል። መጥቶ ለሚሄደው አንዱ ዓይነት አሴታዞላማይድ ይረዳል። ለፍሪድራይክ አታክሲያ ኦማቬሎክሶሎን የተባለ መድኃኒት በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ። አያድንም፤ የበሽታውን ግስጋሴ ግን ያዘገያል። ለቀሩት ፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና ከሚገመተው በላይ ይጠቅማሉ። ሚዛን ይለማመዱታል።

ጤነኛ የሆኑ እህትና ወንድሞቼ ይመርመሩ?

መድኃኒት ያለው ዓይነት ከሆነ ቶሎ፤ የቫይታሚን ኢው ለምሳሌ ምልክት ሳይጀምር ሊያዝ ይችላል። መድኃኒት የሌለው ከሆነ ውሳኔው የእያንዳንዱ አዋቂ ሰው ነው። ከምክር አገልግሎት ጋር፣ ሳይቸኩል፣ ማንም ሳይገፋው ይወስን። «አላውቀውም» ማለትም መብት ነው። እንዲህ ላለው ዓይነት ምልክት የሌለው ልጅ አይመረመርም፤ አድጎ ራሱ ይመርጣል።

ለሐኪም ቀጠሮ ምን ይዤ ልሂድ?

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና ቫይታሚኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው። የቤተሰብ ታሪክ በወረቀት ላይ። መቼ እንደጀመረ የሚያሳይ ማስረጃ፤ የዛሬ አምስት ዓመት የፈረሙት ወረቀት፣ በሠርግ ላይ ሲጨፍሩ የተቀረጹበት ቪዲዮ፣ የድሮ የድምፅ መልእክት። ችግሩ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ሲይዝዎት አንድ ሰው በስልክ ይቅረጽዎ። ወዲያ ሄደው ዞረው ሲመለሱ ይቅረጽ። መዞሪያው ላይ መቅረጹን እንዳያቋርጥ ይንገሩት፤ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው አዟዟርዎን ነው።